ሰባ አንድ ቮልት

ኮዬ ፈጬ፣ ከብሎኮቹ ግርጌ፣ ኮንቴይነር ነው ሱቃችን፤
መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ይበረክታል እንግዳችን፦
ፍሪጅ በጋሪ ያስገፋ፣ ቴሌቪዥን ያቀፈ፣
“ጠዋት እኮ ደህና ነበር” እያለ የለፈለፈ።

ጋሽ ድሪባ የመጀመሪያ ቀን ቴስተሯን እጄ ላይ አኖሩ፤
ቢጫ ናት፤ ጥጓ ተሰንጥቆ በፕላስተር ታስሯል ዳሩ።
“የዚህ ባትሪ ቮልት ስንት ነው?” አሉኝ።
ቀዩን ጫፍ ብቻ ራሱ ላይ ተከልኩ።
ዜሮ።
ጠረግ አድርጌ ደገምኩ። ዜሮ።
“ሞቷል፣ ጋሽዬ” አልኩ።

አልሳቁም። በበሩ በኩል፣ ከቆርቆሮዎቹ በላይ፣
ጉም የለበሰውን የረርን አሳዩኝ።
“ቁመቱ ስንት ነው ብልሽ፣ ከየት ሳትይ ትመልሻለሽ ወይ?
ከአቃቂ ወንዝ? ከባሕር? ከዚህ ከቆምንበት ሜዳ ላይ?
ቮልትም የብቻ ቁመት የለው፤ በሁለት መሀል ነው የሚታይ።”
ጥቁሩን ጫፍ በሌላው ራስ አስነኩልኝ፦
ዐሥራ ሁለት ነጥብ አራት።
ባትሪው ደህና ነበር ለካ፤
አንድ ነጥብ የጎደለኝ እኔ ነበርኩ።

ኦም ላይ ስናዞራት ደግሞ፣ “መጀመሪያ ከሶኬት ንቀዪ” አሉ፤
“በጯኺ ፊት ሹክሹክታ አይሰማም።
እሷ ከገዛ ባትሪዋ ጠብታ ትገፋለች፣
መንገዱ ምን ያህል እንዳስቸገራት መጥታ ትናገራለች።”

አምፔርን ግን በዋጋ ነው የተማርኩት።
ዳር ቆመሽ አትለኪውም፤ መንገዱን ትቆርጫለሽ፣
ቴስተሯን ድልድይ ታደርጊያለሽ፣
እንደ ታክሲ ረዳት በሩ ላይ፣ ያለፈውን ሁሉ ትቆጥራለች።
ይህን አውቄ፣ ቀዩን ገመድ ከአምፔሩ ቀዳዳ መንቀል ረስቼ
ሶኬት ውስጥ ከተትኳት።
ጧ!
ጋሽ ድሪባ ፊውዙን አውጥተው ወደ ፀሐይ ያዙት፤
መስታወቱ ውስጥ የጠቆረ ክር።
ምንም አላሉም። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

በጥቅምት እትዬ ዘርትሁን ጠሩኝ፣ አራተኛ ፎቅ።
“ቆጣሪዬ ይሮጣል፤ ያ ጉርሜሳ ነው፣ በግድግዳው ቀጥሎብኛል።”
የመኝታ ቤቱን ማብሪያ አጠፋሁ፣ አምፖሉን ፈታሁ፣
ሁለቱን ጫፎች ሰደድኩ።
ሰባ አንድ ቮልት።
ጠፍቶ! ሰባ አንድ!
ዐዋቂ መሆን ጣፈጠኝ መሰል፣
“ከሌላ ቤት የመጣ ነው፣ እትዬ” አልኩ።
ሁለት ሳምንት በዚያ ደረጃ ላይ ሰላምታ ተቋረጠ፤
የጉርሜሳ ልጅ ኳስ እኛ ሱቅ ተደብቃ ሰነበተች።

ጋሽ ድሪባ ሲሰሙ፣ አሮጌ የክር አምፖል በኪሳቸው ከተው ወጡ።
“እንደገና ለኪ።” ሰባ አንድ።
“አሁን ይህን ጨምሪበት።”
አምፖሉን በነዚያው ሽቦዎች አሰርኩ። ጭል እንኳ አላለም።
ቁጥሯም ወረደች፣ ወረደች፣ ዜሮ አጠገብ ተኛች።
“ይህ ሽቦ ከበራው ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ነው የሚሄደው።
አብሮት ሲሄድ ጥላው ያርፍበታል።
ቴስተሯ ምንም አትጠጣም፣ ከንፈሯን ብቻ ታስነካለች፤
ስለዚህ ጥላውንም ሳትደፋው ታነበዋለች።
አምፖል ግን የተጠማ ነው።”

እትዬ ዘርትሁን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆዩ።
“ታዲያ ሰባ አንዱ ውሸት ነበር?” አሉኝ፣ እኔን፣ እሳቸውን ሳይሆን።
“አይደለም፣ እትዬ። ነበር።
ሲጠጡት ነው የሌለው።”
ስለ ቆጣሪው ሩጫ ሲጠየቁ፣ ጋሽ ድሪባ
ምጣዳቸውን በዓይናቸው ጠቆሙ።

ማዞሪያዋን ዘግቼ ገመዶቿን ጠቀለልኩ።
ሦስተኛው ፎቅ ስደርስ፣ ከበላዬ፣ ቀስ ብሎ በር ተንኳኳ።
የማን እንደሆነ ዘወር ብዬ አላየሁም።
ኳሷን ለማምጣት ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ።